ፊቷን አይቷል

ኦቦ ዋቅጅራ የሞቱት መንገድ ተዘግቶባቸው ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ሲባል ሰማሁ። ቀናቸው አልደረሰም ነበር። ያመማቸው ትርፍ አንጀት ነው፤ በየሆስፒታሉ በየቀኑ ተቀዶ የሚወጣ ነገር። በሚኖሩበት በእጃጂ ከተማ ያየቻቸው ነርስ «ዛሬውኑ አምቦ አድርሷቸው» ብላ ነበር። ግን በመካከሉ ታጣቂና ታጣቂ ይታኮስ ስለነበር አምቡላንሱም አላልፍም አለ፣ ሚኒባሱም ከመናኸሪያ አልወጣም።

ባለቤታቸው አደ ሻሺቱ በማግስቱ ደወሉልኝ።

«ሰዓዳ፣ መንገዱ ተከፈተ» አሉኝ።

«አልሐምዱሊላህ። በሉ ቶሎ ተነሱ፣ እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አልኳቸው።

«አይደለም ልጄ» አሉ። «ለቀብሩ መምጣት ትችያለሽ ልልሽ ነው።»

ሐዘን እያደር ይበርዳል ይባላል። የእኔ ሐዘን በርዶ ሊሆን ይችላል፤ ንዴቴ ግን እስከ ዛሬ እንደ ነደደ ነው። ስለ እሳቸው የምጽፈውም በንዴት ስለሆነ አንባቢ ይታገሰኝ።

እኔ ፕላን ነዳፊ፣ እሳቸው ቀያሽ ሆነን አምቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሠርተናል። ቀያሽ ከመሆናቸው በፊት ወታደር ነበሩ፤ ያውም አልሞ ተኳሽ። በሰሜኑ የድንበር ጦርነት ጊዜ ረጅም አፈሙዝና መነጽር ያለው ጠመንጃ ይዘው ምሽግ ውስጥ የከረሙ፣ በኋላም ሌሎችን ያሠለጠኑ ሰው ናቸው። ጠመንጃውንም ተኳሹንም ሰው «ስናይፐር» ነው የሚላቸው። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያልፉ በሰላምታ «ስናይፐር፣ አካም?» ይሏቸዋል። እሳቸውም ሳይቆጡ፣ ሁልጊዜ፣ «ስሜ ዋቅጅራ ነው» ይላሉ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ ቀኝ ትንሽ ያዘነበለ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ሲጠየቁ ወዲያው አይመልሱም። አየር ይስባሉ፣ ግማሹን ያስወጣሉ፣ ከዚያ ነው የሚናገሩት። መጀመሪያ ሰሞን የናቁኝ መስሎኝ አኩርፌያቸው ነበር። ኋላ ስጠይቃቸው «የጠመንጃው ልማድ ነው» አሉኝ። «የሚተኮሰው ግማሽ ትንፋሽ ላይ ነው። ደረትሽን ሞልተሽ ከተኮስሽ ልብሽ እጅሽን ይነቀንቀዋል።» ፈገግ አሉና ጨመሩ፣ «አፍም እንደዚያው ነው።»

ስለ ሙያው ሰው የሚያወራውን አይወዱትም ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ መምታት ነው፤ ከዚህ ጋራ እስከዚያ ጋራ መታ፣ የበረረ ወፍ ጣለ። እሳቸው ግን «ሥራው መተኛት ነው» ይላሉ። «ነፋሱ ሣሩን ወዴት እንደሚያስተኛው ማየት ነው። ፀሐይ ሲበረታ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ዒላማሽን እንደሚያዋልለው ማወቅ ነው። ጉንዳን አንገትሽ ላይ ሲሄድ አለመንካት ነው። ቃታውን መሳብማ ማንም ይስበዋል።»

ሻይ የምንጠጣው ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ጫልቱ ዘንድ ነበር። ጫልቱ የቆርቆሮ በር ባላት አንዲት ጭቃ ክፍል ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ፣ ደጇ ላይ ሁለት አግዳሚ ያወጣች ሴት ናት። አንዲት ትንሽ ልጅ አለቻት፤ የሚኖሩት ከጫልቱ እናት ከአደ ደጊቱ ጋር ነው። ወሬዋ ፈጣን፣ ግማሹ ኦሮምኛ ግማሹ አማርኛ ነው። ኦቦ ዋቅጅራን መተረብ ትወዳለች። «ስኳር ስንት ላድርግ ብዬ ጠይቄያቸው መልሱ እስኪመጣ ሻዩ ቀዘቀዘ» ትላለች። እሳቸው በዓለም ላይ ጮክ ብለው ሲስቁ ያየሁት እዚያ አግዳሚ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ግን ሲቆጡ አይቻለሁ። ከጊንጪ ወዲያ፣ ጭልሞ ደን ዳር ወሰን ልንለካ ሄደን ነበር። ዝግባ ላይ ጉሬዛዎች ይዘላሉ። አንድ አብሮን የሄደ ባልደረባ፣ «ኦቦ ዋቅጅራ፣ ያ መሣሪያዎ ቢኖር ኖሮ ይሄኔ አንዱን አውርደው ቆዳውን እንካፈል ነበር» አላቸው። ሊያስቃቸው ብሎ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ከቅየሳ መሣሪያው አንስተው አዩት፣ አዩትና ምንም ሳይሉ ርቀው ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ምሳ ይዤላቸው ሄድኩ። አልበሉም። ያን ቀን ነው የነገሩኝ።

«ከማዶ ምሽግ አንድ ልጅ ነበር» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ትንሽ መስታወት ድንጋይ ላይ አቁሞ ይላጫል። ሲላጭ ጉንጩን ይነፋል። ለጓደኛው አንድ ነገር ይነግረውና ራሱ ቀድሞ ይስቃል። ስንት ቀን እንዳየሁት እንጃ። ከዚያ ትእዛዝ መጣ።»

ምሳውን ሣሩ ላይ አስቀምጬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሌላው ወታደር ተዋጋሁ ይላል። ወደዚያ ተኩሷል፣ ማን እንደወደቀ አያውቅም፣ እግዜር ጋርዶለታል። በመነጽር የሚተኩስ ሰው ግን መጋረጃ የለውም። የዚያን ልጅ ስሙን አላውቅም። ፊቱን ግን የልጆቼን ፊት በማውቀው መጠን አውቀዋለሁ። ያ ሰውዬ ጉሬዛ ጣል ይለኛል።»

ይህን የምጽፈው ቀጥሎ የሆነው ነገር እንዲገባ ነው።

ከተማው በተቃውሞ የታመሰበት ሰሞን ነው። መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው ተማሪዎች ወጥተዋል። ከረፋዱ ጀምሮ ጭስና ጩኸት ነበር። ወደ ቀትር ሰልፈኛው ተበትኖ መንገዱ ባዶ ሆነ፤ አስፋልቱ ላይ የወላለቀ ጫማ ብቻ ቀርቷል። እኛ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ተኝተናል። ጫልቱ ጸጥ ማለቱን አይታ አግዳሚዎቿን ልታስገባ ጎንበስ ብላ ወጣች።

አንድ ጥይት ጮኸ። የቆርቆሮ በሯ ተበሳ። ኦቦ ዋቅጅራ ተስፈንጥረው መስኮቱ ጋ ደረሱና፣ «ጫልቱ፣ ጪሲ! ተኚ!» ብለው ጮኹ። እኚያ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ያን ጊዜ ትንፋሽ አልሳቡም። ጫልቱ ድምፁን ሰማች። ማን እንደጠራት ልታይ ቀና አለች። ሁለተኛው ጥይት ያኔ መጣ።

ወጥተው ያነሷት እሳቸው ናቸው። ደሟ እጅጌያቸውን አልፎ እስከ ክርናቸው ደርሶ ነበር። ከዓመታት በኋላ እንኳ «ባልጠራት ጎንበስ እንዳለች ትገባ ነበር» ይሉ ነበር። «ባይተኩስ ኖሮ ይበሉ እንጂ» እላቸዋለሁ ተቆጥቼ። አይሰሙኝም።

ከቀብሯ በኋላ ነዋሪው አዳራሽ ተጠራ። ሰብሳቢው ስለ ሰላምና መረጋጋት ብዙ ተናግሮ ሲያበቃ፣ «አንዲት ወጣት ነዋሪያችንም በተባራሪ ጥይት ሕይወቷ አልፏል፤ ለቤተሰቧ መጽናናትን እንመኛለን» አለ። በዚህ ዓይነት ገለልተኛ ግስ። ሕይወቷ አለፈ፤ እንደ አውቶቡስ።

ኦቦ ዋቅጅራ እጃቸውን አወጡ። ዕድል ሲነፈጋቸው ዝም ብለው ተነሡ።

«ተባራሪ አይደለም» አሉ። «ሁለት ጊዜ ነው የተተኮሰው። የመጀመሪያው ከራሷ በአንድ ስንዝር ሳታት። ከዚያ ሰውየው አየር ስቧል፣ ግማሹን አስወጥቷል፣ ያለመበትን አርሟል። ሁለተኛው አገኛት። ተባራሪ ጥይት ስቶ፣ ተመልሶ አይስተካከልም።»

«ኦቦ ዋቅጅራ፣ በስሜት አንናገር» አለ ሰብሳቢው።

«በስሜት አይደለም፣ በሙያዬ ነው። ከዚያ መነጽር ጀርባ ያለ ሰው አላወቅኩም ማለት አይችልም። ፊቷን አይቷል። ሴት መሆኗን አይቷል፤ የያዘችው አግዳሚ መሆኑን አይቷል። ስሙን ንገሩን።»

ድምፅ ማጉያው ተዘጋ። ስብሰባው «በሰላም ተጠናቀቀ» ተባለ።

በማግስቱ ጠዋት የቅየሳ መሣሪያቸውን ተሸክመው ወደ ጫልቱ ደጅ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። የሳታት ጥይት የቆርቆሮውን በር በስቶ፣ ከኋላ ያለው የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ከግድግዳው ቀዳዳ ጀምረው ሲባጎ ወጠሩ፤ በበሩ ቀዳዳ አሳልፈው ወደ ውጭ አወጡት። ከዚያ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ሲባጎው በሚያመለክትበት መስመር ተከሉት። ሰው ተሰበሰበ። መነጽሩ መንገዱን ተከትሎ ሄዶ፣ ያኔ ገና በግንባታ ላይ በነበረ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ አረፈ። ያን ዕለት እዚያ ፎቅ ላይ የወጡት እነማን እንደነበሩ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ደረጃው ሥር መኪናቸው ቆሞ ነበር።

አደ ደጊቱ በሰዉ መካከል አልፈው መጡ። «እኔም ልይ» አሉ።

ኦቦ ዋቅጅራ መሣሪያውን ለቁመታቸው ዝቅ አደረጉላቸው። አደ ደጊቱ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ጠዋት ግንባታው ዳግም ተጀምሮ ስለነበር መስኮቱ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ቆሞ ሲሚንቶ ይለስናል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ፂሙን አልተላጨም» አሉ በመጨረሻ።

ዓይናቸውን ከመነጽሩ አነሡ።

«ኦቦ ዋቅጅራ፣ ያኛውም ልጄን እንዲህ አድርጎ ነው ያያት?»

«የእሱ መነጽር ከዚህ አይተናነስም፣ አደ ደጊቱ።»

«ታዲያ አይቶ ነው?»

ኦቦ ዋቅጅራ አየር ሳቡ፣ ግማሹን አስወጡ። መልስ ግን አልመጣም።

ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ወሰዷቸው። የተያዙበት ምክንያት ምን ተባለ? የመንግሥት ንብረት የሆነ የቅየሳ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ለግል ጉዳይ መጠቀም። አልቀለድኩም። ሰው በመንግሥት ጠመንጃ ሻይ የምትሸጥ ሴት ይገድላል፣ እሱ አይጠየቅም፤ ጥይቱ ከየት እንደመጣ በመንግሥት መነጽር ያየው ሰው ይታሰራል።

ስንቅ እየቋጠርኩ እመላለስ ነበር፤ አደ ሻሺቱ ከእጃጂ ሲመጡ ደግሞ አብረን እንሄዳለን። የኦቦ ዋቅጅራን ፊት አብጦ ባየሁት ቀን ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው በፍርግርጉ በኩል አፅናኑኝ። «ይህን ሁሉ ማን አስተማረህ አሉኝ» አሉ። «እርስዎስ ምን አሏቸው?» አልኩ። «እናንተ አልኳቸዋ። ውሸት ነው እንዴ?»

ክስ ሳይመሠረትባቸው ወራት አለፉ። አንድ ቀን «ሂድ» ተባሉና ወጡ። ሥራቸው ግን አልጠበቃቸውም። ወደ እጃጂ ተመልሰው፣ ከዚያ እስከ ባኮ ድረስ በግላቸው የገበሬ ማሳ ሲለኩ፣ ወሰን የተጣሉ ወንድማማቾችን ሲያስታርቁ ኖሩ። ስንገናኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ጫልቱ ልጅ ነው፤ ቁመቷን፣ ትምህርቷን፣ ማንን እንደምትመስል።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ ተባለ። ያው አዳራሽ እንደገና ሰው ሞላው። አዲሱ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቅጅራን ከእጃጂ በመኪና አስመጥቶ «ጀግናችን» አላቸው። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። አደ ደጊቱንም ከፊት ረድፍ አስቀምጠው ጋቢ አለበሷቸው። ኦቦ ዋቅጅራ መድረክ ላይ ወጥተው ጭብጨባው እስኪያበቃ ቆሙ።

«አመሰግናለሁ» አሉ። «ያን ጊዜ ስሙን ንገሩን ብዬ ነበር። አሁን እናንተ መጥታችኋልና፣ ስሙ ማነው?»

አዲሱ ሰብሳቢ ፈገግታው አልጠፋም። «ኦቦ ዋቅጅራ፣ አሁን የይቅርታና የአንድነት ጊዜ ነው። ቁስል አንቆስቁስ።»

«ይቅር የሚባል ሰው ስም የለውም?» አሉ እሳቸው።

ድምፅ ማጉያው አልተዘጋም፤ ያ ያለፈው ዘመን ስህተት ነበር። በምትኩ ሙዚቃ ተከፈተ።

አንባቢ ሆይ፣ ነገሩ እዚህ ቢያበቃ እንኳ በቂ ነበር። አላበቃም። አገሩ እንደገና ጦርነት ገባ፤ ይህኛው ደግሞ እደጃችን ያለ፣ ጫካና ከተማ የሚፈላለግበት። አንድ ጠዋት መለዮ የለበሱ ሰዎች እጃጂ ቤታቸው መጡ። ሚሊሻ ውስጥ ዓይናቸው የተሳለ ወጣቶች ተመርጠዋል፣ መነጽር ያለው ጠመንጃም መጥቷል፣ የሚያሠለጥን ሰው ግን ጠፍቷል አሏቸው። «ለሕዝባችን ሲሉ» አሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ መለዮ የሌላቸው መጡ፣ ከጫካ። እነሱም ከአንድ ቦታ ያገኙት ባለ መነጽር ነበራቸው። እነሱም «ለሕዝባችን ሲሉ» አሉ።

ይህን የነገሩኝ አምቦ ሐኪም ሊያዩ መጥተው፣ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆመን ነው።

«ምን መለሱላቸው?» አልኳቸው።

«ለሁለቱም አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። መነጽሩ ውስጥ የሚታየኝ ማን ነው? አልኩ። የመጀመሪያዎቹ ጠላት ነው አሉ። ሁለተኞቹም ጠላት ነው አሉ። ጠላት ፊት አይደለም፤ ፊቱን ንገሩኝ አልኩ። የዚህ የእጃጂ ልጅ አይደለም ወይ? አባቱን የማውቀው፣ ማሳውን የለካሁለት? እኔ ለእንደዚያ ያለ ሥራ ሰው አላሠለጥንም፣ ሂዱ አልኳቸው።»

«አስፈራሩዎት?»

«ሁለቱም» አሉ። «በዚህ እንኳ አልተለያዩም።»

ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ከሃዲ ሆኑ። አንዱ ወገን የጫካ ሰው ናቸው ይላል፣ ሌላው የመንግሥት ጆሮ ናቸው ይላል። ማሳ ለመለካት ሲወጡ ሰው አብሯቸው መሄድ ፈራ። የታመሙት በዚህ መካከል ነው። የተዘጋውን መንገድ ማን እንደዘጋው እስከ አሁን ሁለቱም «እነሱ ናቸው» ይላሉ። እኔ የሁለቱንም እሰማለሁ፣ ሁለቱንም አምናለሁ።

ቀብራቸው ላይ አንድ ፒክአፕ ሙሉ ሚሊሻ መጣ። አዛዡ ወደ አደ ሻሺቱ ቀርቦ አጎንብሶ እጅ ነሣ። «የቀድሞ ሠራዊት አባል ናቸውና በክብር ተኩስ ልንሸኛቸው ነው» አለ። ሚሊሻዎቹ ልጆች ጠመንጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ተሰለፉ።

አደ ሻሺቱ ቀጭን፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ከሬሳው አጠገብ ተነሥተው በልጆቹና በጉድጓዱ መካከል ቆሙ።

«አንድ ነገር ጠይቋችሁ ነበር» አሉ። «የዚያችን ልጅ የገዳይዋን ስም። አመጣችሁለት?»

አዛዡ ዙሪያውን አየ። «እናቴ፣ ዛሬ የሐዘን ቀን ነው፤ የጥያቄ አይደለም።»

«እንግዲያው ጠመንጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ትናንት እሱን ሆስፒታል ለሚያደርስ መኪና መንገድ የሚያስከፍት ጠመንጃ አጥታችሁ ነበር፤ ዛሬ ለሞተ ሰው ከየት አመጣችሁት?»

ሕዝቡ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። አዛዡ ልጆቹን በእጁ ጠራቸው፤ ተሳፍረው ሄዱ። የፒክአፑ አቧራ እስኪረጋ ጠብቀን አፈር አለበስናቸው።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አደ ደጊቱ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከአምቦ ድረስ ከእኔ ጋር ነው የመጡት። ጉደር ስንደርስ እጄን ያዙና፣ «አሁንስ ማን ይጠይቅልኛል?» አሉኝ።

ባለፈው ሰኞ የጫልቱ ጉዳይ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድኩ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ወጣት ትሑት ነው፤ ቁጭ በይ አላለኝም እንጂ በሥርዓት አዳመጠኝ። ስጨርስ ጠየቀኝ።

«ለሟች ምኗ ነሽ?»

«ሻይዋን እጠጣ ነበር» አልኩት።

«እሱማ ዝምድና አይደለም።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።